ዓሳው ይጣፍጣል፣ ግን ቁርስ በልታችሁ ሂዱ

ባለፈው እሁድ ከደሴ ተነስተን ሀይቅ ወረድን፣ 30 ኪሎ ሜትር ምናምን ናት በሚኒባስ አትከብድም። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ውሃው ዳር ካሉት ዓሳ ቤቶች አንዱ ነው። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት ዓሳ ጥብስና አንድ ጉላሽ አዘዝን፣ የመጣልን 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ወላሂ።

ደግነቱ ቲቪው ላይ የእንስሳት ፊልም ነበር። ያ ስሎዝ የሚሉት ቀርፋፋ እንስሳ፣ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ የሚኖረው። ጓደኛዬ አስተናጋጁን እያየ "ይሄው ዘመድህ ቲቪ ላይ ወጣ" ሲል ሳቅን። በእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ ስንፍና ማለት ነው፣ ስፓኒሾቹም "ሰነፍ" ነው የሚሉት፣ በግእዙ ሀኬት የምንለው መሆኑ ነው። ግን ስም አውጪው ግፍ ሰርቷል ባይ ነኝ። ምስኪኑ ባብዛኛው የሚበላው ቅጠል ነው፣ ቅጠል ደግሞ ጉልበት አይሆንም፣ የበላውን ለመፍጨት ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል፣ እና ያለችውን አብቃቅቶ ነው የሚኖር። ፀጉሩ ላይ አልጌ በቅሎ አረንጓዴ ይመስላል፣ ቀስ ሲል ደግሞ ንስር ቶሎ አያየውም። ውሃ ውስጥ ሲገባማ ዋናተኛ ነው!

ከዛ ልጁን በደንብ አየሁት። አስራ ምናምን ጠረጴዛ ለብቻው፣ ይታዘዛል፣ ያስታጥባል፣ ጠርሙስ ይለቅማል፣ ሂሳብ ይቀበላል፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ "ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ይደርሳል" ይላል። ጓዳም አንዲት እናት በአንድ መጥበሻ። ባለቤቱ በር ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ስልኩን ይጎረጉራል። ሀኬት ካላችሁ እሱ ጋ ፈልጉት።

ዓሳው ግን ምን ይወጣለታል፣ የእለት ቆሮሶ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ጥርት ብሎ የተጠበሰ፣ ጅራቱ እንደ ቆሎ የሚሰበር፣ በዳጣና በሎሚ። ጉላሹ ቲማቲም የበዛበት ውሃ ነው፣ እለፉት። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ እሱን ግን ማንም ዘገየ አላለም፣ ወሎ ቡና ላይ ማን ይቸኩላል።

ከሄዳችሁ ገና ስትደርሱ እዘዙና ሀይቁን ዞር ዞር ብላችሁ ተመለሱ። የልጁን ጉርሻ ደግሞ እጁ ላይ ስጡት፣ ከሂሳቡ ጋር እንዳትደባልቁት።