ካሲዮ ኤፍኤክስ 991 ኢኤስ ፕላስ፦ ስለ ፋክት ቁልፉና ስለ ቅንፉ

ይሄን ካልኩሌተር 4 ኪሎ አካባቢ ካለ የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ ነው ለታናሽ እህቴ የገዛሁላት፣ ፍሬሽማን ናት። ማትሪክሱንና ኢኩዌሽን መፍቻውን ሁሉም ስለሚያውቀው እሱን ትቼ ማንም ስለማይነካው ፋክት ላውራ። ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ እኩል ይሆናልን ትጫናላችሁ፣ ከዛ ሺፍት ብላችሁ የዲግሪና የደቂቃ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትነኩ ቁጥሩን ወደ ፕራይም ፋክተሮቹ (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ወደማይካፈሉ ቁጥሮች) ይበትነዋል፣ እስከ 10 ዲጂት።

እዛው ባንኮኒው ላይ 4294967297ን ሰጠሁት። ይሄ ማለት 2 ፓወር 32 ሲደመር 1 ነው፣ የሂሳብ ሊቁ ፌርማ ይሄን ቁጥር ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ግን በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። በኋላ እንዳስረዳው ደግሞ ይሄን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል፣ ስለዚህ መሞከር ያለባቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577 ናቸው፣ አምስተኛው ራሱ 641 ነው!! እኔ እንደዚህ አይነት ነገር ሳይ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ማሽኑ 641×(6700417) አለ። ቅንፏን ልብ በሉ። የሚሞክረው እስከ 3 ዲጂት ባሉ ፕራይሞች ነው፣ የመጨረሻው 997፣ ቀጥሎ ያለው 1009፣ ስለዚህ የተረፈው ቁጥር ከ1009 ስኩዌር ማለትም ከ1018081 ካነሰ ፕራይም መሆኑ የተረጋገጠ ነው፣ ከዛ ካለፈ ግን መወሰን ስለማይችል ቅንፍ ውስጥ ይተወዋል። ቅንፍ ማለት ፕራይም ማለት አይደለም በቃ! 4104676ን ስጡት፣ 2²×(1026169) ይላችኋል፣ እሱ ግን 1013 ስኩዌር ነው። ለዚህ ነው የወደድኩት፣ ያልጨረሰውን ጨርሻለሁ አይልም።

6700417ስ? የሱ ፋክተሮችም ያው የ64ቱን ህግ መከተል አለባቸው፣ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 2588 ገደማ ስለሆነ ከዛ በላይ መሞከር አያስፈልግም፣ እስከ 997 ያለውን ማሽኑ ጨርሶታል፣ እና የሚቀሩት ፕራይሞች 1153፣ 1217፣ 1409፣ 1601 እና 2113 ብቻ ናቸው። አምስት ጊዜ ማካፈል ነው፣ አንዱም እኩል አይሄድም፣ ፕራይም ነው ማለት ነው። እህቴ ይሄን በራሷ እጅ እንድትጨርሰው ነው ያደረኩት፣ ቁልፉ ሁሉንም ቢሰጣት ኖሮ የ64ቱን ህግ ዞር ብላም አታየውም ነበር።

ከ10 ዲጂት በላይ መስራት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፣ እሱ ኮምፒውተር ይጠቀም። ለተማሪ ግን በጣም አሪፍ ነው፣ በሶላርም በትንሿ ኤልአር44 ባትሪም ይሰራል። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ 4294967295ን ሞክሩበት፣ 3×5×17×257×65537 ማለት አለበት፣ ያለ ምንም ቅንፍ።