ጋሽ ኃይሉ መርጊያ፦ የድሮው ካሴት ወይስ «ላላ በሉ»?

ኪቦርድ ተጫዋቹን ጋሽ ኃይሉን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዋልያስ ባንድ ነው። በራሳቸው ስም ካወጧቸው አልበሞች ግን የቱ ይቅደም?

እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ የተቀዳው ካሴት አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነው። የአንድ ሰው ሥራ ነው። ማታ ብቻህን ስትሆን ደስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ከነዱ በኋላ የመጣ ነው። እዚህ ቤዝና ድራም ከኪቦርዱ ጋር ይጨዋወታሉ። «ትዝታ» ብቻዋን አሥር ደቂቃ ገደማ ናት። በዝግታ ትነሳና ትሞቃለች። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሆድ ያባባል። እኛ ጋ ስለ ድሮው ካሴት እንጂ ስለዚህኛው ብዙ አይወራም። ያሳዝነኛል። እኔ «ላላ በሉን» አስቀድማለሁ።