ተመድን በኮምፒውተር መቁጠር ወይስ አንብቦ መመዝገብ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብለን ከጓደኛዬ ጋ የተከራከርንበት ነገር ነው፣ ለመመረቂያ ጽሁፉ የኛ አገር ጋዜጦች ዓለም አቀፍ ተቋማትን ምን ያህል እንደሚያነሱ መለካት ፈልጎ በኮምፒውተር ቃሉን ፈልጌ ልቁጠር ይላል፣ እኔ ደሞ አንብብ ባይ ነኝ።

የኮምፒውተሩ ፍጥነት አይካድም፣ የአመት ዜና ሻይህን ሳትጨርስ ይቆጥርልሃል፣ ነገ ብትደግመውም ያው ቁጥር ነው። ግን አማርኛ ላይ ጉድ ይፈላል። ህብረት፣ ሕብረት፣ ኅብረት ለኛ አንድ ነው ለማሽኑ ግን ሶስት። አይኤምኤፍ ሌላው ጋዜጣ ላይ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነው፣ በዛ ላይ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ፊቱ ላይ ይለጠፋሉ። ፊደሉን አንድ አይነት ካደረግከው የተወሰነው ይቃለላል፣ ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ በተቋሙ ስም ፈንታ የሚመጣው "ድርጅቱ" ግን ያው ሳይቆጠር ይቀራል።

ሰው ሲያነብ ይሄ የለም፣ ዋናው ደሞ አነሳሱን ይለያል። ሐምሌ 2016 አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ያጸደቀ ጊዜ የተጻፈ ዜናና በአፍሪካ ህብረት አዳራሽ ስብሰባ ተካሄደ የሚል ዜና እኩል አንድ አንድ ይቆጠሩ? ሁለተኛው እኮ ቦታውን ነው የጠራው። ችግሩ ድካሙ ነው፣ በድሬ ሙቀት ከሰአት በኋላ ሃምሳኛው ዜና ላይ ዓይንህ ያያል ልብህ ግን የለም፣ ለዛ ነው ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ምን ያህል እንደተስማሙ የሚለካው።

እኔ ብሆን ሁለት መቶ ዜና በእጣ አውጥቼ አንብቤ ማሽኑን በዛ እፈትነው ነበር። እሱ ግን ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ሊቆጥር ነው።