የታመመ የመንገድ ዳር ዛፍ፦ ይታከም ወይስ ይቆረጥ?

የከተማ ምክር ቤት ለታመሙ የመንገድ ዳር ዛፎች በጀት ሲይዝ ክርክሩ ያው ነው። እናክማቸው ወይስ ቆርጠን ሌላ እንትከል?

ሕክምናው መጀመሪያ ላይ ርካሽ ይመስላል። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚጨርሰውን አረንጓዴ ጥንዚዛ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ አካባቢ ከታወቀ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን ገድሏል። እጮቹ ከቅርፊቱ ሥር እየሰረሰሩ ውሃና ምግብ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋሉ። ግንዱ ተበስቶ መድኃኒት ቢወጋ ዛፉ ሊተርፍ ይችላል፤ ግን መርፌው በየሁለት፣ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። በጀቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ግማሽ ቅጠሉ ለረገፈ ዛፍ ደግሞ መርፌው ብክነት ነው።

መቁረጥ በአንዴ ካዝና ያራቁታል። ቆረጣው ብቻ መች ሆነና! ጉቶ መንቀል አለ፣ ችግኝ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃ አለ። ውሃ የማያገኝ ችግኝ ተተከለ አይባልም። ጥላውም እስኪመለስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሆኖም መቁረጥ አንድ ትልቅ ዕድል ይሰጣል፦ ዝርያ ማቀላቀል። ኤልም የተባለው ዛፍ በበሽታ ባለቀባቸው ጎዳናዎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች አሽ ደረደሩ። ጥንዚዛው ሲመጣ መንገዱ በሙሉ ራቁቱን ቀረ።

እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘቡን ለሁለት እከፍለው ነበር። ትልልቆቹና ገና ያልተጎዱት ይወጉ፣ የደረቁት ቶሎ ይውረዱ። የደረቀ አሽ ተሰባሪ ነው፤ በቆየ ቁጥር ለቆራጩም ለመንገደኛውም አደጋው ይብሳል፣ የማስቆረጫው ዋጋም ይንራል።