ለ18 ዓመት ልጄ ያስደረግነው የኦቲዝም ዳግም ምርመራ፦ ስለ አገልግሎቱ ያለኝ አስተያየት

ልጄ 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የሥነ ልቦና ክሊኒክ የኦቲዝም ዳግም ምርመራ አስደርገንለታል። ደስ ያሰኘኝን ብቻ ሳይሆን ቅር ያሰኘኝንም በግልጽ መጻፍ ስለምፈልግ የክሊኒኩን ስም ትቼዋለሁ።

ወደዚያ የወሰደን አንድ አሮጌ ወረቀት ነው። ልጄ በ3 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የተሰጠው የሐኪም ወረቀት «ፒዲዲ-ኖስ» ይላል። ይህ ስያሜ የኦቲዝም ምልክት እየታየባቸው የዋናውን ኦቲዝም መስፈርት ሙሉ በሙሉ ለማያሟሉ ልጆች ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ዲኤስኤም-5 የተባለውን የአእምሮና የዕድገት ችግሮች መመርመሪያ መመሪያ ሲያወጣ አስፐርገር ከሚባለው ተቀራራቢ ስያሜና ከዋናው ኦቲዝም ጋር ተጠቃልሎ «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ስም ሥር ገባ። ለውጡ በትምህርት ቤት በኩል አልጎዳንም፤ የልዩ ትምህርት ዕቅዱ፣ አይኢፒ የሚባለው፣ የሚወሰነው የፌዴራሉ የትምህርት ሕግ ራሱ ለኦቲዝም ባስቀመጠው ትርጉም እንጂ በሐኪሞቹ መመሪያ አይደለምና። ነገሩ ያስጨነቀን ኤስኤስአይ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ፣ ለማመልከት ስንዘጋጅ ነበር። ልጁ 18 እስኪሞላው ድረስ የእኛ ገቢ ስለሚቆጠር አልተፈቀደለትም ነበር፤ ከ18 በኋላ ግን የወላጅ ገቢ መቆጠሩ ይቀርና ጉዳዩ በአዋቂዎች መስፈርት ይታያል። በመመሪያው ውስጥ በሌለ ስም የተጻፈ ወረቀት ይዘን እንዴት እንቀርባለን ብለን ተጨነቅን።

ቀጠሮ ለማግኘት 7 ወር ጠብቀናል፤ ይህ ረጅም ነው። ሳይኮሎጂስቷ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን የነገረችን ነገር ጥበቃውን አስረስቶኛል። በቀድሞው መመሪያ በሚገባ የተረጋገጠ ፒዲዲ-ኖስ ያለበት ሰው የኦቲዝም ስፔክትረም ምርመራ ሊሰጠው እንደሚገባ አዲሱ መመሪያ ራሱ እንደሚል አስረዳችን። ስለዚህ ለስሙ ብቻ ከሆነ ብዙ መድከም እንደማያስፈልገን፣ የሚያስፈልገን ልጁ ዛሬ በዕለት ኑሮው ምን እንደሚሳነው በዝርዝር የሚያሳይ ሪፖርት መሆኑን ተናገረች። ገንዘብ የሚያስገባላትን ሥራ ከመጀመሯ በፊት እንዲህ በማለቷ አከብራታለሁ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው እኔን የጠየቁበትን መንገድ ነው። ክሊኒኩ አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ አቅርቦልኛል፤ ታናሽ እህቱን እንድታስተረጉም ማንም አልጠየቀም። «ራሱ ይለብሳል?» ስባል «አዎ፣ ይለብሳል» አልኩ። «ምግብ ያሞቃል?» ስባልም እንዲሁ። ልጅን በሰው ፊት ማሳነስ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ ያልኩት ሁሉ ከልጁ ኑሮ ይልቅ የእኔን ፍቅር የሚናገር ነበር። ሳይኮሎጂስቷ አላለፈችኝም፤ «እርስዎ ቤት ባይኖሩስ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ልብሱን ማታ በተራ የምደረድርለት እኔ እንደሆንኩ፣ ሸሚዙ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጠ እስከ ቀትር በፒጃማ እንደሚቆይ፣ ማይክሮዌቭ ሲጮኽ ጆሮውን ይዞ ከኩሽና እንደሚወጣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አስተርጓሚዋም አገላለጼን ሳታሳምር እንዳለ አስተላለፈችው። እንደ እኔ ያለች እናት ይህ ጥያቄ ካልቀረበላት ልጇን ሳታውቅ ከጥቅሙ ታስወጣዋለች።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ የደረሰን ባለ 14 ገጽ ሰነድ በፊተኛው ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም «ደረጃ 1» ይላል፤ እኔ የተናገርኩት ሁሉ ደግሞ 11ኛው ገጽ ላይ ተቀብሯል። ዲኤስኤም-5 ሦስት ደረጃዎችን ያወጣው የሚያስፈልገውን ድጋፍ ለመግለጽ ሲሆን (ደረጃ 1 ዝቅተኛው ነው)፣ አገልግሎት ይገባዋል ወይም አይገባውም ለማለት መዋል እንደሌለባቸው መመሪያው ራሱ ያሳስባል። ሶሻል ሴኩሪቲም በመስፈርቱ ስለ ደረጃ ቁጥር አይጠይቅም። የሚያየው ልጁ ነገርን ተረድቶ ሥራ ላይ ማዋል፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ አንድ ሥራ ላይ ጸንቶ መቆየትና ራሱን ማስተዳደር ምን ያህል እንደሚሳነው ነው፤ ከእነዚህ በአንዱ እጅግ ከባድ ወይም በሁለቱ ጉልህ ጉድለት መኖር አለበት። ፋይል የሚያገላብጥ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያነበው «ደረጃ 1» ከሆነ ግን «ቀላል ነው» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሳይኮሎጂስቷ ሪፖርቱን የምታብራራበት ስብሰባ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ አስተርጓሚውም በስልክ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም። ሰነዱ በአማርኛ አልተሰጠንም።

እርማት በጽሑፍ ጠየቅሁ። ክሊኒኩ አልተከራከረም፤ በ9 ቀን ውስጥ አራቱን የአቅም ዘርፎች በየራሳቸው ርዕስ ከምሳሌ ጋር ወደ ፊት አምጥቶ፣ ደረጃው የአገልግሎት መለኪያ አለመሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ላከልን። ያም ሆኖ እንዲህ ያለውን እርማት መጠየቅ እንደሚቻል የማያውቅ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሪፖርት ይዞ በሄደ ነበር፤ ይህን ክሊኒኩ ራሱ ሊያስብበት ይገባል።

በአሮጌ ስያሜ የተመረመረ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ ነገር ግን አስተርጓሚው ለመጨረሻው ስብሰባም በአካል እንዲገኝ ቀድመው ይጠይቁ፣ ሪፖርቱም ሳይፈረም ረቂቁን ይመልከቱ። የ2010ሩን ወረቀት አይጣሉት፤ ችግሩ ከልጅነት የጀመረ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ስለሆነ እኛም ከአዲሱ ሪፖርት ጋር አያይዘን አስገብተነዋል።