የአባቴን ላንድሮቨር ነዳጅ መስጫ ያስተካከለልኝ የሶማሌ ተራው ጋራዥ

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ፣ ስም ያልተለጠፈበት ጠባብ ጋራዥ አለ። አንድ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ አዛውንት መካኒክና አንድ ረዳት፤ ያለው ይኸው ነው። አሮጌ ላንድሮቨር ያላችሁ ሁሉ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ሲሪስ 3 የሚባለው ሞዴል፣ አጭሯ፣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር። ጥር ላይ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ዳገቱ መሃል የነዳጅ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ሞተሩ አልጠፋም፣ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ይሠራል፤ ብረግጠው ግን ምንም የለም። በዚህች መኪና ፔዳሉን ከካርቡሬተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሳይሆን የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ቴስቲና አላቸው፤ ኳስ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባበት መገጣጠሚያ ማለት ነው። የአንዱ ቴስቲና ጎድጓዳው ተበልቶ ከኳሱ ወልቋል። በሽቦ አስሬው፣ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምን ደብረ ብርሃን ገባን።

አዲስ አበባ መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ነበር። እነሱ ኳሱንና ዘንጉን አንድ ላይ በየዱት። ሞተር ግን ጎሚኒ (ላስቲክ) ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይወዛወዛል፣ ኳሱም የተሠራው ያንን ውዝዋዜ እንዲችል ነው። ከብየዳው በኋላ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ትንገጫገጭ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ብየዳው ተሰነጠቀና ዘንጉ ነዳጁን እንደከፈተ ተያዘ፤ ያውም ቀለበት መንገድ ላይ። ፍሪሲዮን ረግጬ ሞተሩን በቁልፉ አጠፋሁት፣ ቁልፉን ግን አልነቀልኩም። ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ስለሚችል ይህን አደራ ልብ በሉ። እጄ እስከ ማታ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ አዛውንቱ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ከካርቡሬተሩ አፍ ላይ የአየር ቱቦውን አወለቁና «ልጄ፣ ሞተሩን ሳታስነሺ ግቢና እስከ ታች ርገጪ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው በባትሪ ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ እኔንም ጠርተው አሳዩኝ፤ ረዳታቸው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦትም ነዳጁን የሚከፍተው ክብ ሳህን ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። «የተበላው አንዱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ ጠፍቷል» አሉ። አባቴ ዓመታት ሙሉ «ዳገት ላይ ሞተሯ ደክሟል» ሲል የኖረው ለካ ሞተሩ አልነበረም። ያን ጊዜ ለአባቴ ደወልኩለት፤ ዝም ብሎ ቆየና «በይ ደህና አድርገው ይሥሩልሽ» አለኝ።

የጥንቱ ቴስቲና የብሎን ጥርሱ በኢንች ነው፣ ገበያ ላይ ያለው በሚሊሜትር። እሳቸው የተበየደውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉና በዘንጉ ልክ አዲስ ብረት ቆርጠው ሁለቱንም ጫፍ ባለ 6 ሚሊ ጥርስ አወጡለት። በሁለቱም በኩል ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ቴስቲና ገጠሙ፣ እንዳይላላም በዳዶ አጠበቁት። አሁን ቴስቲናውን ከኳሱ አውልቆ በማዞር ዘንጉን ማርዘምና ማሳጠር ይቻላል። ሳህኑ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አስተካከሉት። በመጨረሻ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ማቆሚያ ብሎን ከፍ አደረጉት፣ እግሬ በኃይል ቢረግጥ ጉልበቱ ዘንጎቹ ላይ እንዳያርፍ።

የማልወደውንም ልናገር። ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ቅዳሜ ነው የደረሰ፣ የደወለልኝም የለም። ደረሰኝ አይሰጡም። ነዳጁን መልሶ የሚዘጋውን ሞላ አሮጌውን ሊመልሱት ነበር፤ ቀለበት መንገድ ላይ የደረሰብኝን ነግሬ አዲስ ካልሆነ አልወስዳትም ብዬ ነው ያስቀየርኩት። እናንተም ሳትጠይቁ አትውጡ።

ከነዕቃው 2,500 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አንኮበር ሁለት ጊዜ ተመላልሼባታለሁ፤ ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለች። የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። የወለቀውን አሮጌ ብረትም ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩን የሚወስዱት ከሱ ነው።