ደሴ የተከልነው ማጉያ ከ8 ወር በኋላ

ባለ 300 ዋቱን የኤፍ ኤም ማጉያ፣ ማለትም የሬዲዮ ሲግናሉን አጉልቶ ወደ አንቴናው የሚልከውን መሣሪያ፣ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችው የማሰራጫ ክፍላችን ከተከልነው 8 ወር ሞላው። ትንሽ የማህበረሰብ ሬዲዮ ነን። የገዛነው ድምፃችን ርቆ እንዲሰማ ብለን አይደለም፤ የድሮውም 300 ዋት ይሰጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቶሎ እያለቀብን ስለተቸገርን ነው።

የድሮው በ28 ቮልት 20 አምፔር ይስባል፤ 560 ዋት ማለት ነው። ወደ አንቴናው የሚሄደው 300 ብቻ ነው። የቀረው 260 ዋት ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ዘበኛችን በጥቅምት ብርድ እጃቸውን የሚያሞቁት በእሱ ጀርባ ነበር። አዲሱ ኤልዲሞስ (LDMOS) የሚባል የሬዲዮ ኃይል ትራንዚስተር ያለው ነው፤ በ50 ቮልት 8 አምፔር ይበቃዋል። 400 ገብቶ 300 ይወጣል። ጀርባው ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። መብራት ሲሄድ በባትሪ 6 ሰዓት ገደማ እንቆይ ነበር፤ አሁን 9 ሰዓት እንዘልቃለን። የማታው ዜና ሳይቋረጥ አለቀ ማለት ነው።

አዲሱ ብዙ ኃይል ሳያባክን መሥራት የሚችለው የኤፍ ኤም ሞገድ ከፍታው ስለማይለዋወጥ ነው። ድምፁን የሚሸከመው የድግግሞሹ መለዋወጥ ነው። ስለዚህ ትራንዚስተሩን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሙሉ በሙሉ እያበሩና እያጠፉ ማሠራት ይቻላል፤ ድምፁ አይበላሽም። ቮልቴጁና ከረንቱ በአንድ ጊዜ ከፍ ባላሉ ቁጥር ሙቀቱም ያንሳል።

በጣም የደከምኩበት ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ወደ 150 ዋት እናወርደዋለን። መጀመሪያ የማደርገው ወደ ማጉያው የሚገባውን ሲግናል መቀነስ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ክላምፕ ሜትሬን (ገመድ ላይ ተቆንጥጦ ከረንት የሚለካውን) የማጉያው የኃይል ገመድ ላይ አደረግኩና ደነገጥኩ፤ 5.6 አምፔር። 150 ዋት ለማውጣት 280 ዋት! ከድሮው በምንም አይሻልም። በማግስቱ ሲግናሉን ሳልነካ የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጅ ወደ 36 አወረድኩት። 5.8 አምፔር ሳበ፤ 209 ዋት ገደማ ሆነ። 70 ዋት በአንድ ቁልፍ ተረፈ። ማጉያ የምትገዙ ሰዎች፣ ቮልቴጁ የሚስተካከል መሆኑን ሳታዩ ብር አታውጡ።

ቅሬታም አለኝ። ስክሪኑ 320 ዋት ይላል፤ በዳሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን በሚቀበል መሞከሪያ) ስለካው ግን 300 ነው። አቅራቢው እስካሁን መልስ አልሰጠንም። የፋኑ ማጣሪያም በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ሙቀቱን እንደ ቆላው አይወስድለትም። አንዴ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ቀትር ላይ 74 ዲግሪ ደርሶ ራሱን አጠፋ። ጠፍቶ ባይተርፍ ኖሮ ትራንዚስተሩን አጥተን ነበር።

የጦሳ ጉም ሲወርድ የአንቴናው ኮኔክተር (የገመዱ መገጣጠሚያ) እርጥበት ያስገባና ከአንቴናው ወደ ማጉያው የሚመለሰው ኃይል ከፍ ይላል። ክረምቱ ሳይገባ በውሃ መከላከያ ቴፕ ደጋግሜ ጠቅልዬዋለሁ። የድሮውን ማጉያ አልሸጥነውም፤ ለመጠባበቂያ ጥግ ላይ ተቀምጧል።